በአንድ ቀን የማይከፈት ቁስል፦ ከትራውማ ቴራፒስት ጋር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጦርነት ካፈናቀላቸው፣ በአረብ አገር በሰው ቤት ሲሠሩ ግፍ ከተፈጸመባቸው፣ እንዲሁም በልጅነታቸው በገዛ ቤታቸው ጥቃት ከደረሰባቸው ሰዎች ጋር በሥነ ልቦና ሕክምና ስሠራ ቆይቻለሁ፤ ትራውማ የምንለው አሠቃቂ ገጠመኝ በአእምሮና በአካል ላይ የሚተወውን ቁስል ነው፣ ቴራፒስት የምንለውም ይህን በንግግር የሚያክመውን ባለሙያ ነው። ሰው ይህን ሕክምና ለመጀመር ከራሱ ጋር ምን ያህል እንደሚታገል ስለማውቅ፣ ብዙ ደክሞ ደጃፋችን የደረሰ ሰው ሊቀር በሚችል ስህተት ምክንያት ሲመለስ ማየት ይከብደኛል። ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝን ላስቀድም።

እርሱም የሆነውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ተናግሮ ለመጨረስ መሞከር ነው። ብዙዎቻችን ከባድ ነገርን ለሌላ ሰው መግለጥን የተማርነው ከንስሐ ነው፤ ነፍስ አባታችን ፊት ቀርበን ምንም ሳናስቀር እንናገራለን፣ ቀኖና እንቀበላለን፣ ቀለል ብሎን እንመለሳለን። ወደ ቴራፒስት የሚመጣውም ሰው እንዲሁ ለዓመታት «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የያዘውን በአንድ ሰዓት ዘርግፎ መገላገል ይፈልጋል። ፍላጎቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ንስሐ ሰው ለሠራው ኃጢአት ነው፣ በእርስዎ ላይ የተፈጸመው ግፍ ግን የእርስዎ ኃጢአት አይደለም፤ አሠቃቂ ትዝታም ስለተነገረ ብቻ አይሽርም። እንዲህ ያለው ትዝታ ሲቀሰቀስ አካል ነገሩ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ልብ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ አንዳንዱም ሰው ደንዝዞ የተቀመጠበትን ክፍል እስከ መርሳት ይደርሳል። አካልን መልሶ የማረጋጋት ልምምድ ሳይቀድም ዝርዝሩን በአንድ ጊዜ መተረክ አንዳንዱን ሰው ዳግመኛ ሊያቆስለው ይችላል። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ ሊጠፋ፣ ቅዠቱ ሊብስ፣ በሳምንቱም ገመናን ሁሉ ባወቀ ሰው ፊት መቀመጥ ሊያሳፍርና ቀጠሮው ሊቀር ይችላል።

ይህን ስህተት ከባለሙያው ወገን ሆኜ እኔም ፈጽሜዋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ከስደት የተመለሰች አንዲት ወጣት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሳታቋርጥ ስትነግረኝ፣ ዕንባዋን የመዳን ምልክት አድርጌ ስለወሰድኩት አላስቆምኳትም። ስትወጣ አመስግናኝ ነበር፤ ዳግመኛ ግን አልመጣችም። ማስቆም የእኔ ኃላፊነት ነበር፣ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረበችው አካሄድ 3 ደረጃዎች አሉት፦ አስቀድሞ ደኅንነትን ማጽናት፣ ቀጥሎ ትዝታውን ማውጣትና በሚገባ ማዘን፣ ከዚያም ከሰውና ከኑሮ ጋር ዳግም መተሳሰር። በመጀመሪያው ቀን እንግዲህ ርዕሱን መናገር ይበቃል፤ «በሠራሁበት ቤት ጥቃት ደርሶብኛል፣ ዝርዝሩን ግን ገና መናገር አልችልም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለቴራፒስቱ ብዙ ይነግረዋል። በቀጣዮቹ ቀጠሮዎች እግርን መሬት ላይ አጽንቶ መቀመጥን፣ ትንፋሽን አዝግሞ ማስወጣትን፣ በክፍሉ ውስጥ የሚታዩ 5 ነገሮችን በስማቸው መጥራትን ይለማመዳሉ፤ «ይብቃኝ» ለማለት በሚያገለግል የእጅ ምልክትም ይስማማሉ።

በአንጻሩ ዝግጅቱ ማብቂያ ሲያጣም ስህተት ነው። ወራት ሙሉ የሳምንቱን ወሬ እያወሩ ወደ ትዝታው ፈጽሞ ሳይጠጉ የሚቆዩ ሰዎች አሉ። ለስደተኞችና ከጦርነት ለተረፉ ሰዎች የተዘጋጀው የትረካ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 በሚደርሱ ቀጠሮዎች ይጠናቀቃል። በእርሱ ውስጥ ሰውየው የሕይወቱን ዘመን በገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ መልካሙ በሆነበት ቦታ አበባ፣ ክፉው በሆነበት ድንጋይ ያኖራል፣ ገና ላልመጣው ዘመንም የገመዱን ጫፍ ጠቅልሎ ይተወዋል፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩ ከልደት ጀምሮ በተራ ይነገራል። «ወደ ዋናው ነገር መቼ እንገባለን?» ብሎ ቴራፒስትን መጠየቅ መብትዎ ነው።

የቴራፒስቱን ሥልጠና መጠየቅም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከአደጋ በኋላ ለሚመጣ የጭንቀት ሕመም በትራውማ ላይ ያተኮረውን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና እንዲሁም ኢኤምዲአር የተባለውን፣ ትዝታውን እያሰቡ ዓይንን ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ የሚሠራውን ዘዴ መክሯል። ባለሙያው በየትኛው ዘዴ እንደሠለጠነ በግልጽ ሊነግርዎ ይገባል፤ ቅር ከተሰኘ ሌላ ይፈልጉ።

ይሉኝታን በተመለከተ ደግሞ ልለምንዎ እወዳለሁ። «እንዴት ሰነበቱ?» ስንል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚለው መልስ ጨዋነት መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም ያደግሁበት ነው፤ ነገር ግን «ልምምዱ አልረዳኝም፣ ጥያቄዎ አስከፍቶኛል፣ ካለፈው ቀጠሮ በኋላ 3 ሌሊት አልተኛሁም» ካላሉን አካሄዳችንን የምናስተካክልበት ሌላ መንገድ የለንም። ጭንቀትዎን ከ0 እስከ 10 በቁጥር እንዲገልጹ የምንጠይቀው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ 8 ከሆነ 8 ይበሉ እንጂ እኛን ላለማስከፋት 3 አይበሉ።

ቤተሰብ ክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጥ አይፍቀዱ። በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነም ልጅዎን ወይም እህትዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ የአካባቢዎ አበሻ ያውቀኛል ብለው ከሰጉ፣ በሌላ ከተማ የሚኖር አስተርጓሚ በስልክ እንዲመደብልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ሽማግሌ «ይቅር በይውና ይውጣልሽ» ስላለ ብቻ ሳይዘጋጁ በዳይ ፊት አይቅረቡ። ጸበል መጠመቅዎን ከቴራፒስቱ አይደብቁ፣ በሐኪም የታዘዘልዎትን መድኃኒትም በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ጠጥተው ወይም ጫት ቅመው አይምጡ።

በመጨረሻ ስለ መቅረት። በመካከሉ ሻል ሲልም ሆነ ሲብስ ሰዎች ሳይናገሩ ይጠፋሉ፣ ስልክም አያነሱም፤ ለማቆም ቢወስኑ እንኳ አንድ ቀን መጥተው ቢነግሩን የተከፈተውን በጥንቃቄ ለመዝጋት ጊዜ እናገኛለን። ከወራት በኋላ የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ቃላቸው «ይቅርታ» ነው። ይቅርታ አያስፈልግም፤ ወንበሩን አስጠግተን፣ ውኃ አቅርበን፣ እንቅልፍዎ እንዴት እንደሰነበተ እንጠይቅዎታለን።