ከሳተላይት ነጥብ እስከ ጎጥ፦ የወፍ ዋሻን እሳት በጊዜ ለማወቅ

አሜሪካ ውስጥ የሰደድ እሳት መነሳቱን ከሰማይ ለይቶ ማሳወቅ ከፊሉ የወታደር ሥራ ነው። የካሊፎርኒያና የኮሎራዶ ብሔራዊ ዘብ ባለሙያዎች የጦር ሳተላይት መረጃ እያነበቡ ለእሳት አጥፊዎች ያቀብላሉ፤ ፋየርጋርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የጸደቀው የመከላከያ ሕግ ይህ እስከ መስከረም 2026 እንዲቀጥል አዟል። እኛ ዘንድ ወታደሩ የሚታወቀው በማጥፋቱ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ሲነድ እንደዘመተው። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ የወፍ ዋሻን ደን ወይም የመንዝ ጓሳን ሣር ምድር የሚጠብቅ ሰው የሳተላይቱን ንባብ ራሱ ይሥራው። የጦሩ ባይሆንም የናሳ (የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት) የሳተላይት መረጃ በነጻ ይገኛል።

ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ሲና ኔትወርክ የማያጣ ሰው ይመደብ። ሳተላይት ያየውን እሳት በነጥብ በሚያሳየው የናሳ ፈርምስ (FIRMS) ድረ ገጽ ኢሜይሉን ያስመዝግብና ካርታው ላይ ደኑን ይክበብ፤ እሳት ከማሳ ተነስቶ ስለሚገባ ከዳሩ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይጨምር። ከማስጠንቀቂያ መልእክቶቹ በቀን አንዴ የሚመጣውን ትቶ ወዲያው የሚላከውን ይምረጥ። ሳተላይት ላይ ሆነው እሳት ከሚያዩት መሣሪያዎች ምንጩ ቪርስ (VIIRS) ይሁን፦ የሱ አንድ ነጥብ የሚወክለው ካሬ ጎኑ 375 ሜትር ሲሆን የሞዲስ (MODIS) 1 ኪሎ ሜትር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። መልእክቱ ላይ የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 ይቀነስለት፤ 10:30 ካለ ከቀኑ 7:30 ነው። 22:30 ካለ ደግሞ 3 ቀንሰው 12 ሲያነሱለት ከሌሊቱ 7:30 ይሆናል። የቪርስ ሳተላይቶች የሚያልፉት በነዚሁ ሰዓቶች አካባቢ ነው፤ መልእክቱ እስኪደርስ እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ ከቀኑ 9 ሰዓት የተነሳን እሳት ከሳተላይቱ በፊት የሚያየው ተረተር ላይ ያለ እረኛ ነው። የእረኛውን ስልክ ቁጥር ያልያዘ የደን ጥበቃ ኮሚቴ ግማሽ ኮሚቴ ነው።

ነጥቡ የካሬው መሐል እንጂ እሳቱ ያለበት ቦታ አይደለም። በ400 ሜትር ዙሪያ ይፈለግ። ደኑን አስቀድሞ በየ1 ኪሎ ሜትር ካሬ ከፍሎ የጎጡን ስም መጻፍ ይጠቅማል፤ ለቀበሌው የሚነገረው ስም ነው፣ ቁጥር አይደለም።

ማሳ ላይ ብቻውን ታይቶ በሚቀጥለው ዙር የጠፋ ነጥብ ብዙውን ጊዜ ገለባ ወይም ለገብስ የሚቃጠል አፈር ነው፤ ደውሎ መጠየቅ ይበቃል። ጎን ለጎን ሁለት ነጥብ ሆኖ ሌሊትም ካልጠፋ ግን መሄድ ነው። ነጥብ የለም ማለት እሳት የለም ማለት አይደለም፦ ደመናና ጭጋግ ይጋርዳል፣ ከጥድ ሥር በቅጠል ርጋፊ እየተሳበ የሚሄድም ላይታይ ይችላል።

ለማጣራት ሁለት ሰው ይሂድ። የሚያዩት ከማዶ ተረተር ላይ ሆነው ነው፤ ከእሳቱ በላይ ሸለቆ ውስጥ ፈጽሞ አይቁሙ፣ እሳት ሽቅብ ይፈጥናል፣ ቀን ቀን ነፋሱም ገደሉን ይወጣል። የሚነደው ጓሳ ሣር፣ አስታ ወይስ ጥድ እንደሆነ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስና መኪና የት ድረስ እንደሚገባ ይናገሩ።

ለቀበሌ፣ ለወረዳና ለፖሊስ በአንዴ ይደወል። የመከላከያ እርዳታ ሊያስፈልግ የሚችል ከመሰለ ጥያቄው በየደረጃው ስለሚወጣ አይዘገይ፤ ደብዳቤው ላይ ቦታው በአስርዮሽ ዲግሪ፣ ሰሜኑ ቀድሞ ይጻፍ፦ 9.75፣ 39.75። ከተገለበጠ ሰርዲኒያ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ያርፋል።