ምንጣፍ አኒሞን ሲገዙና ሲያኖሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ እንደ ምንጣፍ አኒሞን ዓይን የሚይዝ እንስሳ ጥቂት ነው። አኒሞን አጥንት የሌላት፣ ጣት መሰል ቴንታክሎቿ የሚናደፉ የባሕር እንስሳ ናት፤ ምንጣፏ ደግሞ ገላዋን እንደ ምንጣፍ ትዘረጋለች። ሰው ሱቅ ገብቶ ያያታል፣ ይማረካል፣ ይዟት ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትሟሽሽና ትሞታለች። ያኔ ጥፋቱ በመብራቱ ወይም በውሃው ላይ ይላከካል። እኔ ግን አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው ገና ቤት ሳትገባ ነው ባይ ነኝ። የትኛዋ ዝርያ ናት? ከማን ተገዛች? ጤነኛ መሆኗ በምን ታየ? እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ውድ ዕቃ ቢገዛ ብዙም አይረዳትም። ስለዚህ ከግዢው እጀምራለሁ፤ ረዘም አድርጌ የማወራውም ስለ እሱ ነው።

ዝርያዋን ሳይለዩ መግዛት

ሱቅ ውስጥ ሁሉም "ካርፔት" እየተባሉ ይሸጣሉ። ነገር ግን በብዛት የሚገኙት ሦስት ዝርያዎች ኑሯቸው ለየቅል ነው።

ስቲኮዳክቲላ ሃዶኒ የአሸዋ ነዋሪ ናት። እግሯን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ገላዋን ከላይ ትዘረጋለች። ስትደነግጥ ሙሉ በሙሉ ወደ አሸዋው ገብታ ትሰወራለች። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ትፈልጋለች። ታችኛው ወለሉ ባዶ መስታወት የሆነ አኳሪየም ለእሷ አይሆንም።

ስቲኮዳክቲላ ጂጋንቲያ ጥልቀት በሌለው፣ ፀሐይና ሞገድ በበዛበት ውሃ ውስጥ የምትኖር ናት። እግሯ ከአሸዋው በታች ያለውን ድንጋይ ጨብጦ ይይዛል። ጣት መሰል ቴንታክሎቿ ከሃዶኒ ትንሽ ይረዝማሉ፣ ገላዋም በጣም ይጣጠፋል። ጠጋ ብለው ሲያዩ ቴንታክሎቹ ሳያቋርጡ ይንቀጠቀጣሉ። ይህ ጥሩ መለያዋ ነው። ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ስላላት ፈላጊዋ ብዙ ነው፤ ከሃዶኒ ይልቅ ግን በጉዞ ትጎዳለች።

ሦስተኛዋ ስቲኮዳክቲላ ሜርተንሲ ናት። ከድንጋይ ላይ ትጣበቃለች። ከገላዋ ሥር ባለው ግንዷ ላይ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ነጠብጣቦች ይታያሉ። በባሕር ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ትሰፋለች። ይህችን በመኖሪያ ቤት አኳሪየም ውስጥ ለማኖር ባይሞከር ይሻላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ሃዶኒን ይያዝ። እሷም ብትሆን ግን ትንሽ አይደለችም፤ ስታድግ 50 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትሆናለች። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የእጅ መዳፍ አክላ ብትታይም የሚታሰበው የነገው ስፋቷ ነው።

በቀለም መማረክ

ነጭ፣ ብርጭቆ የመሰለች አኒሞን ውብ ናት። ግን የታመመች ናት። እነዚህ አኒሞኖች በገላቸው ውስጥ ዙዛንቴላ የሚባሉ ደቂቅ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ለባለቤቷ ያካፍላሉ። በጉዞ፣ በጨለማ ወይም በሙቀት የተጎዳች አኒሞን እነዚህን አልጌዎች ትተፋቸዋለች፤ ያኔ ትነጣለች። የዕለት ምግቧን ትልቁን ክፍል አጥታለች ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ማቅለም ነው። የነጣችውን አኒሞን ቀለም ውስጥ ነክረው ደማቅ ቢጫ ወይም ሮዝ አድርገው የሚሸጡ አሉ። ገላዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት የሚያበራ ቀለም ከሆነ፣ ቡናማ ጥላም ከሌለበት፣ ይጠርጥሩ። ቀለሙ በጊዜ ይለቃል፤ ከሥሩ የሚቀረው የተራበች እንስሳ ነው። ቡናማዋ፣ የቡና በወተት መልክ ያላት ወይም አረንጓዴዋ ለዓይን ቀለል ብትልም አልጌዎቿ ያሉባት ናት። እኔ ሁሌም ለእሷ ነው የማደላው።

አፏንና እግሯን ሳያዩ ገንዘብ መክፈል

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ሱቅ ውስጥ መስታወቱ ፊት ቆሙ እንበል። መጀመሪያ መሃሏን ይመልከቱ። አፏ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል? ጥሩ። ሰፋ ብሎ ከተከፈተ፣ የውስጥ ሥጋዋም ወደ ውጭ ከወጣ፣ ይተዋት። ቀጥሎ ሻጩ ትንሽ ምግብ እንዲሰጣት ይጠይቁ። ጤነኛ ምንጣፍ አኒሞን የነካትን ሁሉ ትይዛለች፤ ምግቡ ወዲያው ይጣበቃል፣ ገላዋም ተጣጥፎ ወደ አፏ ይወስደዋል። ምግቡ ተንሸራትቶ ከወደቀ ጉልበት የላትም።

እግሯን ማየት ይከብዳል፣ ግን የግድ ነው። ከባሕር ስትነቀል ድንጋዩን እንደጨበጠች ተጎትታ ሊሆን ይችላል። የተቀደደ እግር በቀላሉ ይመረቅዛል። በመስታወቱ በኩል እግሯ ካልታየ ሻጩ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። መስታወት ላይ የተጣበቀችውን በኃይል ነቅሎ ሊሰጥዎት ከጀመረ ግን ያስቁሙት። ቀስ ብሎ፣ በጣት ዳርና ዳሩን እያላቀቁ፣ በትዕግሥት ነው የምትነሳው።

የመጣች ዕለት አይግዙ። ቀብድ ከፍለው አንድ ሁለት ሳምንት ሱቁ ውስጥ እንድትቆይ ይጠይቁ፤ ደህና ሻጭ እሺ ይላል። በእነዚያ ቀናት ደጋግመው ይመልከቷት። ጤነኛዋም አንዳንዴ ትሟሽሻለች፤ ቆሻሻዋን አስወጥታ፣ ከሰዓታት በኋላ ተመልሳ ትነፋለች። የሚያሳስበው በየቀኑ መሟሸሽና መነፋት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የኢንፌክሽን ምልክት ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ያለችውን በተለየ ገንዳ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን በተባለ አንቲባዮቲክ ያክማሉ። በዋናው አኳሪየም ውስጥ ግን አንቲባዮቲክ አይጨመርም፤ ውሃውን የሚያጠሩትን ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል። ለጀማሪ የሚሻለው የታመመችውን አለመግዛት ነው።

ከሱቅ ይልቅ ከሌላ አኳሪየም ያዥ ማግኘት ከቻሉ ደግሞ አይለፍዎት። ዓመት ያህል በሰው እጅ የኖረች አኒሞን የጉዞውን ፈተና አልፋለች፣ መብላት ለምዳለች፣ ባለቤቷም ጠባይዋን ይነግርዎታል።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ገበያ ላይ የሚመጡት ምንጣፍ አኒሞኖች ማለት ይቻላል ሁሉም ከባሕር የተለቀሙ ናቸው። በብዙ ቤቶች ውስጥ ለሁለት እየተከፈለች የምትበዛው ኤንታክሚያ የምትባለው ባለአረፋ ጫፍ አኒሞን ናት፤ ምንጣፎቹ እንዲህ በቀላሉ አይበዙም። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በፊሊፒንስ ሴቡ አካባቢ የተደረገ ጥናት፣ ለአኳሪየም ገበያ በሚለቀምባቸው ቦታዎች አኒሞኖችም፣ በአኒሞን ውስጥ የሚያድሩት ክላውንፊሽ የተባሉ ዓሣዎችም ቁጥራቸው አንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። አኒሞኖች ደግሞ ረጅም ዕድሜ አላቸው። ስኮትላንድ ውስጥ በ1828 እ.ኤ.አ. ከባሕር የተወሰደች የሌላ ዝርያ አኒሞን እስከ 1887 እ.ኤ.አ. ድረስ በማሰሮ ውስጥ ኖራለች። እንዲህ ያለ እንስሳ በሦስት ሳምንት ውስጥ በእጃችን ሲሞት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሻጩን ከየት እንዳመጣት፣ መቼ እንደደረሰች፣ ምን እንደበላች ለመጠየቅ አይፈሩ። መልስ የሌለው ሻጭ ጋር አይገበያዩ።

አኳሪየሙ ሳይበስል ማስገባት

አዲስ አኳሪየም አይሆንም። ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል አንድ ዓመት ይጠብቁ። ሙቀቱ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ (በስፔሲፊክ ግራቪቲ ሲለካ) 1.025 አካባቢ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8.1 እስከ 8.4 ይሁን። ከቆሻሻ የሚመጡት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ከቁጥሮቹ በላይ የሚጠቅማት አለመዋዠቃቸው ነው። ውሃው በተነነ ቁጥር ጨዋማነቱ ይወጣል፤ ይህን በራሱ ንጹሕ ውሃ የሚጨምር መሣሪያ ካለ ሥራው ይቀላል።

ቀደም ሲል ዓሣ ለማከም የመዳብ መድኃኒት የገባበት አኳሪየም ከሆነ ይጠንቀቁ። መዳብ ለዓሣ መድኃኒት ይሁን እንጂ ለአኒሞን መርዝ ነው።

ከረጢቷን ከፍቶ ለሰዓታት ማንጠብጠብ

ብዙዎች "ቀስ በቀስ ትለማመድ" ብለው የአኳሪየሙን ውሃ ጠብታ በጠብታ ሦስት አራት ሰዓት ያንጠባጥቡላታል። ከቅርብ ሱቅ ለመጣች ብዙ አይጎዳም። ሌሊቱን ሙሉ በከረጢት ለተጓዘች ግን አደጋ አለው። በጉዞው ላይ ቆሻሻዋን ስታስወጣ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ ከትንፋሿ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የውሃውን ፒኤች ዝቅ ያደርገዋል። ፒኤቹ ዝቅ ባለበት ሁኔታ አሞኒያው እምብዛም መርዛማ አይደለም። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ ያው አሞኒያ መርዙ ይበረታል። ስለዚህ የውሃውን ሙቀት ያመሳስሉ፣ ጨዋማነቱን ይለኩ፣ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ቶሎ ያስገቧት። የከረጢቱ ውሃ ግን ወደ አኳሪየሙ አይገባም።

ፓምፕ ክፍት መተው፣ ቦታዋን መነካካት

ስታስገቧት ፓምፖቹን ለጥቂት ጊዜ ያጥፉ። እግሯ አሸዋውን ወይም ድንጋዩን ይያዝ። ካልተመቻት ትንቀሳቀሳለች፤ ሌሊት ተነስታ ፓምፕ ውስጥ የገባች አኒሞን ትቆራረጣለች፣ አኳሪየሙም በአንድ ሌሊት ይበላሻል። የፓምፖችን አፍ በስፖንጅ ወይም በወንፊት መሸፈን ትንሽ ሥራ ነው፤ እሷ ከመግባቷ በፊት ይጨርሱት። ከዚያ በኋላ አይነካኳት። "እዚህ ጋ ብትሆን ያምርባታል" እያሉ በየቀኑ ማንሳት እግሯን መጉዳት ነው። ብርቱ መብራት ትፈልጋለች፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይሉ አያብሩባት፤ በሳምንታት ውስጥ ከፍ ያድርጉት።

ለክላውንፊሽ ብሎ መግዛት

ክላውንፊሽ ያለ አኒሞን በሰላም ይኖራል። በዚያ ላይ ሁሉም ዓሣ ከሁሉም አኒሞን ጋር አይስማማም። ብዙ ሰው ቤት ያለው ኦሴላሪስ የተባለው የክላውንፊሽ ዝርያ በባሕር ውስጥ ከጂጋንቲያና ከሜርተንሲ ጋር ይገኛል፤ ከሃዶኒ ጋር ግን አይደለም። አኳሪየም ውስጥ ሊለምዳት ይችላል፣ ላይለምዳትም ይችላል። ክላርኪ የተባለው ዝርያ በአሥሩም የክላውንፊሽ ማደሪያ አኒሞኖች ውስጥ ይኖራል፤ ኮርቻ ጀርባው ፖሊምነስ ደግሞ የሃዶኒ ወዳጅ ነው። ዓሣው ቢወዳትም ችግር አለ፤ ገና ያልጠነከረችን አኒሞን ቀኑን ሙሉ እየተሻሸ ዕረፍት ይነሳታል።

የቀሩት ዓሣዎች ጉዳይ ሌላ ነው። ምንጣፍ አኒሞን፣ በተለይ ሃዶኒ፣ ዓሣ ትበላለች። አሸዋ ላይ የሚያርፉት ጎቢዎች፣ ቀስ ብሎ የሚዋኘው ማንዳሪን፣ ሌሊት ደንግጦ የሚሮጠው ታንግ ሁሉ ሊያዙ ይችላሉ። የሚወዱት ዓሣ ካለ ለእሷ የተለየ አኳሪየም ያዘጋጁ። ሌላ መፍትሔ የለውም።

ስትመግቧት ትንሽ ትንሽ ይሁን። ጥፍር የሚያክል የሽሪምፕ ወይም የዓሣ ቁራጭ፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃታል። ትልቅ ቁራጭ ከሰጧት ከቀን በኋላ ትተፋዋለች፤ ውሃውም ይቆሽሻል።

በባዶ እጅ መንካት

ንድፊያዋ ቆዳ ያሳክካል፣ ያቀላል፤ አለርጂ ላለበት ሰው ከዚያም ሊከፋ ይችላል። ረዘም ያለ ጓንት ያድርጉ። የእነዚህ እንስሳት መርዝ እንደዋዛ የሚታይ አይደለም። ከካሪቢያኗ ዘመዷ ከስቲኮዳክቲላ ሄሊያንተስ የተገኘው ሽኬ የተባለ ፔፕታይድ (ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ) የሰውን የበሽታ መከላከያ ህዋሳት ስለሚነካ፣ ከእሱ የተሠራ መድኃኒት በሰው ላይ ተሞክሯል።

"ምናልባት ትድን ይሆናል" ብሎ መዘግየት

አፏ ተከፍቶ ካልተዘጋ፣ ገላዋ እየቀለጠ ከሆነ፣ ውሃውም መሽተት ከጀመረ፣ ሞታለች። በዚያው ሰዓት ያውጧት። ትልቅ ገላዋ ሲበሰብስ የሚለቀው አሞኒያ ዓሣዎቹንም ይዞ ይሄዳል። ካወጧት በኋላ ቁርጥራጮቿን በቱቦ ይምጠጡ፣ አዲስ አክቲቭ ካርቦን ያስገቡ፣ ከውሃው ሩብ ያህሉን ይቀይሩ፣ አሞኒያውን በማግስቱም በሦስተኛው ቀንም ይለኩ። ዜሮ ሆኖ እስኪረጋ ድረስ ለዓሣዎቹ የሚሰጡትን ምግብ ይቀንሱ።