ሎደር የተገጠመለት አሮጌ ትራክተር መሪው ሲከብድ

ሎደር (ከፊት የሚገጠም ባልዲ ያለው ማንሻ) የተጫነበት ማሲ (ማሲ ፈርጉሰን) 135 ወይም አሮጌ ቤላሩስ መሪው ሲከብድ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፓወር ማስገጠም ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቸኩሏል። ፔርኖው (የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ቋሚ ዘንግ) በደረቀ ትራክተር ላይ ፓወር፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ፣ ቢገጠም መሪው ለእጅ ይቀላል፤ ትርፉ ጉልበት ግን የመሪ እጁንና የታይሮድ ጫፎቹን ሲያጣምም ይከርማል። ስለዚህ መጀመሪያ ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ለዚህ አንድ ክሪክ፣ ሁለት የማይንሸራተት ድጋፍና ግማሽ ቀን ይበቃል።

መለየት

ትራክተሩን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፣ ባልዲውን መሬት ያስነኩ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያግዱ። አፍንጫውን በሎደሩ በራሱ አንስቶ ሥር መግባት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ ግን ትራክተሩ ሰው ላይ ይወርዳል። በክሪክ ብቻ ያንሱ። የፊት አክስሉ መሃሉ ላይ ባለ ሌላ ፔርኖ ስለሚወዛወዝ፣ ከማንሳትዎ በፊት በአክስሉና በላይኛው አካል መካከል ግራና ቀኝ የእንጨት ሽብልቅ ይምቱ፤ አለዚያ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ከዚያ ድጋፎቹን ከአክስሉ ሥር ያስገቡ።

አሁን መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ያዙሩ። ጎማው አየር ላይ ሆኖ በአንድ እጅ በቀላሉ ከዞረ ችግርዎ አብዛኛውን ጊዜ ጎማና ሸክም ነው። አየር ላይም ከከበደ የመሪ ዘንጎቹን (ታይሮዶቹን) ከመሪ እጆቹ ይፍቱ። ኮፒሊያውን (ዳዶውን የሚቆልፈውን ሽቦ) አውጥተው ዳዶውን ካላሉ በኋላ ዘንጉ የገባበትን ዓይን ግራና ቀኝ በሁለት መዶሻ አንድ ላይ ይምቱት፤ ሾጣጣው የዘንግ ጫፍ ራሱ ይለቃል። የቡሎኑን ጫፍ መምታት ጥርሱን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም።

ዘንጉ ከተፈታ በኋላ እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው በእጅ ያወዛውዙ። የከበደው ጎማ ከሆነ ጥፋቱ ፔርኖው ላይ ነው፤ ጎማው ቀሎ መሪው ከከበደ ወደ መሪ ሳጥኑና ወደ መሪው ቋሚ ይሂዱ። ቤላሩስ ላይ ሞተር ጠፍቶ መሪው ቢከብድ አይፍረዱበት፤ ፓወሩ ሥራ ላይ አይደለም።

ፔርኖና ግራሶ

ከባድ መሪ ይዘው የሚመጡ አሮጌ ትራክተሮች ብዙዎቹ ግራሶ ይጠጣሉ፤ ግን ትክክለኛው ቦታ አይደርሳቸውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትራክተሩ መሬት ላይ ቆሞ ሲቀባ ክብደቱ ሁሉ ሸክም ተሸካሚውን ኩሽኔታ ጨፍኖ ይይዘዋል፤ ግራሶው በቀለለው በኩል ይወጣና ኩሽኔታው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። አክስሉን አንስተው፣ ጎማው ተንጠልጥሎ፣ አንድ ሰው ጎማውን ከጥግ ጥግ እያዞረ ሌላው ፓምፑን ይምታ። ከላይም ከታችም ንጹሕ ግራሶ እስኪወጣ ድረስ አያቁሙ። ሁለት ቁጥር የሊትየም ግራሶ ይበቃል፤ ከባድ ጭነት የሚችለው ኢፒ የተባለው ቢሆን ይመረጣል።

ኒፕሉ (ግራሶ የሚገባበት ጫፍ) አልቀበል ካለ ይፍቱትና ቀዳዳውን በሽቦ ይቆርቁሩት። የአዳማ አቧራ ዱቄት ነው፤ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ሲቦካ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ትንሽ ናፍጣ አፍስሰው አሳድረው በማግስቱ ደግመው ይሞክሩ። ከዚህም በኋላ ካልፈታ ፔርኖውን ማውረድ ግድ ነው፦ የመሪ እጁ ከፔርኖው ጋር የተገናኘበትን ቦታ በነጥብ ምልክት ያድርጉ፣ እጁን ይንቀሉ፣ ፔርኖውን ወደ ታች ያውጡ።

ፔርኖው ላይ ጥፍር የሚይዘው ጎድጓዳ መስመር ካለ ቦኮላውም (ፔርኖው የሚዞርበት ቀለበት) አብሮ ይቀየራል። ቶርኖ ቤት አዲስ ቦኮላ ሲያስሠሩ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩ፦ የቦኮላው ቀዳዳ ከኒፕሉ ቀዳዳ ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት፣ የውስጥ ግራሶ መሄጃ ቦይም ይውጣለት። ይህ ተረስቶ የተገጠመ ቦኮላ ቢያብረቀርቅም ግራሶ ሳያይ ያልቃል። ተገጥሞ ሲያልቅ ፔርኖው በእጅ መዞር፣ ግን ወደ ጎን አለመንቀጥቀጥ አለበት።

የመሪ ሳጥን

ክዳኑን ከፍተው ዘይቱን ይዩ። ማሲ 135 ላይ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ነው የሚገባው። ዘይት ስለሚያፈስ ብቻ ግራሶ የተጠቀጠቀበት ሳጥን በየቦታው አለ፤ ግራሶ ከጥርሶቹ አንዴ ከተገፋ ተመልሶ አይፈስም፣ ውስጡ ደረቅ ይሠራል። ያጥቡት፣ ኦይል ሲሉን ይቀይሩ፣ ዘይት ይሙሉ። ሌላው ጥፋት ማጥበቂያውን ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። መሪው ጨዋታ ሲያበዛ ሰው ሳጥኑን ያጠብቃል፤ ጨዋታው ግን ብዙ ጊዜ ያለው የዘንጎቹ ጫፍ ላይ ነው። ዘንጎቹ ተፈትተው መሪው በጣት መዞር አለበት፣ መሃል ላይ ብቻ ጥቂት ጠበቅ ቢል ችግር የለም።

ቤላሩስ ላይ የመሪው ክብደት ራሱ ይናገራል። በሁለቱም አቅጣጫ ከከበደ ዘይቱንና ማጣሪያውን ይዩ። ዘይቱ አረፋ ከሆነ ፖምፓው አየር እየሳበ ነው። ጠዋት ቀሎ ዘይቱ ሲሞቅ ከከበደ ፖምፓው አልቋል። ወደ አንድ ጎን ብቻ ከከበደ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዘይት አከፋፋዩ ላይ ነው።

ጎማ

የእሾህ አገር ነውና ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ካላማዳሪ አይጠፋም። የላላ ጎማ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ መሪውን ያከብዳል። ለሎደር ሥራ የጎማው ጎን ላይ ወደተጻፈው ከፍተኛ ልክ ተጠግተው ያስነፉ፤ አይለፉት።

ቸርኬው ተገልብጦ ጎማው ወደ ውጭ እንዲወጣ ከተደረገ፣ ጎማው ከፔርኖው ስለሚርቅ ሲዞር ትልቅ ክብ ይፈጫል። ሥራው የማይጠይቀው ከሆነ ወደ ቦታው ይመልሱት፤ ከመመለስዎ በፊት ግን ጎማው ሲታጠፍ የሎደሩን ክንድ እንደማይነካ ያረጋግጡ። የሁለቱ የፊት ጎማዎች ርቀት ከፊት በኩል ከኋላ በኩል ካለው ትንሽ መጥበብ አለበት፤ ቤላሩስ 80 ላይ ከ4 እስከ 8 ሚሊሜትር።

ሸክሙ

ፍትጊያው ጠፍቶ አሁንም ከከበደ ሒሳቡን ይሥሩ። የማሲ 135 የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 1.8 ሜትር ገደማ ነው። 400 ኪሎ ከፊት አክስሉ 1.3 ሜትር ቀድሞ ከተንጠለጠለ፣ የፊት አክስሉ ላይ የሚጨመረው 400 አይደለም፤ 690 ኪሎ ያህል ነው። ትርፉ 290 ከኋላ ጎማዎች የተነሣ ክብደት ነው። ባልዲው ውስጥ ያለውም ይለያያል፦ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ሲጭን የሚታዘዝ ትራክተር እርጥብ አሸዋ ሲጭን አልዞርም የሚለው ያው ባልዲ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚመዝን ነው። ለአሸዋ ባልዲውን ግማሽ ይሙሉ።

የኋላ ጎማ ውስጥ ውሃ መሙላት መንሸራተትን ይቀንሳል እንጂ ፊቱን አያቀልም፤ ክብደቱ ያረፈው አክስሉ ላይ ነውና። ፊቱን የሚያቀልለው ከአክስሉ ኋላ የተንጠለጠለ ነገር ነው። 200 ሊትር በርሜል በኮንክሪት ሲሞላ 500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከኋላ አክስሉ 80 ሴንቲሜትር ርቆ ሲንጠለጠል ከፊቱ ከ200 ኪሎ በላይ ያነሳል። ከመሙላትዎ በፊት በታችኛው ሲሶ በኩል ወፍራም ድፍን ብረት ከጎን ወደ ጎን አሳልፈው ከውስጥ ካለ ፌሮ ጋር ይበይዱ፤ ጫፎቹን ቶርኖ ቤት ለትራክተሩ የኋላ ማንሻ ታችኞቹ እጆች በ22 ሚሊሜትር ያስቆርጡ። ለላይኛው ማሰሪያ ጆሮ ይበይዱለት። ኮንክሪቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ሳምንት ያጠጡት፤ በአዳማ ፀሐይ ሳይጠጣ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

ከዚህ በኋላ ፓወር

ሥራው ቀኑን ሙሉ ሎደር ከሆነ ኦርቢትሮል (መሪው ሲዞር ዘይት ወደ ሲሊንደሩ የሚልክ ክፍል) እና ሲሊንደር ያስገጥሙ። ሁለቱ መመጣጠን አለባቸው። 40 ሚሊሜትር ውስጣዊ ስፋት፣ 20 ሚሊሜትር ዘንግ፣ 200 ሚሊሜትር ጉዞ ያለው ሲሊንደር በአንድ በኩል 250፣ በሌላው 190 ሲሲ ገደማ ይይዛል፤ ከ50 ሲሲ ኦርቢትሮል ጋር መሪው ከጥግ ጥግ ወደ አንዱ ጎን 5 ዙር፣ ወደ ሌላው 4 ገደማ ይሆናል። ትልቅ ኦርቢትሮል ዙሩን ይቀንሳል፣ ግን ብዙ ዘይት ይፈልጋል።

ዘይቱን ከሎደሩ ፖምፓ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገናኛ) ቀጥለው አይውሰዱ፤ ባልዲው ሲነሳ መሪው ይሞታል። ለመሪ ቅድሚያ የሚሰጥ ቫልቭ ያስገቡ ወይም የራሱ ፖምፓ ይኑረው። ሲሊንደሩ ጥጉ ላይ ከመድረሱ በፊት የአክስሉ ማቆሚያ ቡሎን መንካት አለበት፤ አለዚያ ግፊቱ ሁሉ የሲሊንደሩን ማሰሪያ ይገነጥላል።