መስታወቱ ከብረቱ ለምን ይላቀቃል?

የመስታወት ጠረጴዛ እግሩ ሲወልቅ ወይም የቡፌ በር ማጠፊያው ሲለቅ ብዙው ሰው በቀጥታ ሱቅ ሄዶ «ጠንካራው ማጣበቂያ የቱ ነው?» ይላል። ቆይ፣ መጀመሪያ የለቀቀውን ቦታ እዩ። አሮጌው ማጣበቂያ የቀረው የት ላይ ነው?

ሁሉም ብረቱ ላይ ቀርቶ መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ

የለቀቀው በመስታወቱ በኩል ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሱፐር ግሉ ነው። መስታወት ላይ በሰከንዶች ይይዛል፣ ሰውም በዚያ ይታለላል፤ ግን ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፣ እርጥበትም አይችልም፣ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ በተወለወለ ቁጥር ውሃው በጠርዙ እየገባ ቀስ በቀስ ያስለቅቀዋል። የአናጺ ኮላማ ጭራሽ አይታሰብ፤ በመስታወትና በብረት መሃል በኮላው ውስጥ ያለው ውሃ የሚወጣበት የለም።

ለዚህ ሥራ የተሠራው የዩቪ ማጣበቂያ ነው፤ ፋብሪካዎችም የመስታወት ጠረጴዛ እግር የሚያጣብቁት በእሱ ነው። የሚጠነክረው በመስታወቱ በኩል አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኝ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ የበጋ ፀሐይዋ በደንብ ይሠራል። ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ ግን ብዙ ያስጠብቃል፤ ያኔ የጥፍር ቤት የዩቪ መብራት ካገኛችሁ ሞክሩት፣ መጀመሪያ ትርፍ ቁራጭ ላይ። ጀርባው ቀለም የተቀባ ወይም በሁለት መስታወት መሃል ፕላስቲክ ያለበት ከሆነ ግን ብርሃኑ ስለማያልፍ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ወይም ሲሊኮን ይሻላል።

መስታወቱ ላይ ቀርቶ ብረቱ ባዶ ከሆነ

ብረቱ አልተዘጋጀም። ዝገት፣ ዘይት ወይም ቀለም ነበረበት። ማጣበቂያው ቀለሙን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ቀለሙ ደግሞ ብረቱን ይለቃል። በብርጭቆ ወረቀት እስከ ባዶ ብረቱ ፈግፍጉ፤ መስታወቱን ግን አትንኩት። ከዚያ ሁለቱንም በአሴቶን ወይም በአልኮል ጥረጉ። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት በደንብ ይድረቅ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብዙው ዘይት አለበት፣ እሱን ተዉት። ካጸዳችሁ በኋላ በጣት አትንኩ፣ ለነገም አታሳድሩት።

ሁለቱም ላይ ቀርቶ እርጥብ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ

አልደረቀም ማለት ነው። ኢፖክሲ ከሆነ ወይ መጠኑ ተዛብቷል፣ ወይ በደንብ አልተማሰለም፣ ወይ በርዶታል። ከ10 ዲግሪ በታች ብዙው ኢፖክሲ መጠንከሩ በጣም ይዘገያል፤ የደሴን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ይገባዋል። ኮምቦልቻ ላይ ያለችግር የደረቀ ሥራ ደሴ በረንዳ ላይ ቢያድር ጠዋት ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ።

ሲሊኮን ደግሞ የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ ከጠርዝ ወደ ውስጥ ነው፣ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሰፊ ብረት ሥር ሙሉ ከቀባችሁት መሃሉ ለሳምንታት እርጥብ ይሆናል። ስለዚህ ክፍተት እየተዋችሁ በመስመር በመስመር ቀቡት። የኮምጣጤ ሽታ ያለው አሲድ ስለሚያወጣ ነሐስንና ዚንክ የተቀባ ብረትን ይበላል፤ ሽታ የሌለውን፣ ኒውትራል የሚባለውን ጠይቁ።

መስታወቱ ራሱ ከተፈነጠረ ወይም ከተሰነጠቀ

ማጣበቂያው ከልክ በላይ ግትር ነበር። ሙቀት ሲመጣ ብረት ከመስታወት ትንሽ ይበልጥ ይለጠጣል፣ አሉሚኒየም ግን ከሁለት እጥፍ በላይ። መስኮት ሥር ፀሐይ የሚመታው ጠረጴዛ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። አሉሚኒየም ከሆነ ኒውትራል ሲሊኮን ተጠቀሙ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ትንንሽ ስስ ፕላስቲክ መሃል አስገቡ፣ አጥብቃችሁም አትጫኑት። የተሰነጠቀውን መስታወት ግን ቀይሩት። የተቃጠለ፣ ማለትም በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ (ቴምፐርድ) መስታወት ከሆነ በኋላ ስለማይቆረጥና ስለማይበሳ ልኬቱንና ቀዳዳውን አስቀድማችሁ አዝዙ።

ከራስ በላይ ለሚሰቀል መደርደሪያ ወይም ልጆች ለሚደገፉበት ነገር ደግሞ በማጣበቂያ ብቻ አትተማመኑ፤ ብረት መያዣ ወይም ብሎን ይጨመርበት።