ቦክሰር ውሻ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቦክሰር ለማሳደግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውሻው ነው። ይናከሳል? ስንት ኪሎ ይሆናል? መጠየቅ ያለበት ግን ስለ ቤቱ ነው። ቀን ቀን ማን አለ? ማን ያናፍሰዋል? ሲታመም ማን ያሳክመዋል?

ለጥበቃ ብቻ መፈለግ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ፊቱ ኮስታራ፣ ደረቱ ሰፊ ስለሆነ ሰዎች ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚያድር ዘበኛ ያስቡታል። እውነት ነው፣ ቦክሰር ንቁ ነው፤ ቤተሰቡንም ይጠብቃል። ዝርያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመን ውስጥ የወጣው ከአዳኝ ውሾችና ከእንግሊዝ ቡልዶግ ነው፤ ኋላም በወታደርና በፖሊስ ሥራ አገልግሏል። ነገር ግን ከሰው ተለይቶ መኖር አይችልም። እናንተ ሳሎን ስትቀመጡ እሱም ሳሎን መሆን ይፈልጋል። ለብቻው ሲተው በር ይቧጭራል፣ ያገኘውን ያኝካል፣ ሲጮህ ይውላል። ያኔ «ባለጌ ውሻ» ይባላል። ባለጌ አይደለም፣ ብቸኝነት ነው። ቤታችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ የሚውል ከሆነ፣ እባካችሁ ሌላ ምርጫ አስቡ።

«ልጅ ይወዳል» የሚለውን ሰምቶ መዘናጋት

ልጅ መውደዱ እውነት ነው፤ ትዕግስቱም ያስደንቃል። ችግሩ ጉልበቱ ነው። ያደገ ቦክሰር ከ25 እስከ 32 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። አእምሮው ግን ቶሎ አይበስልም፤ እስከ 3 ዓመት ገደማ እንደ ቡችላ ይቦርቃል። ደስ ሲለው ዘሎ ሰው ላይ ይወጣል። ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ወይም አዛውንት እናት ቤት ውስጥ ካሉ፣ በፍቅር ብዛት ሊጥላቸው ይችላል። ስለዚህ ሥልጠናው ቡችላው ከገባበት ቀን ይጀመር። ሲዘል አትንኩት፣ አታናግሩት። አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ አመስግኑት። ቤተሰቡ በሙሉ በዚህ ካልተስማማ ልፋቱ ከንቱ ነው። ጩኸትና ዱላ ደግሞ ይህን ውሻ ያስደነብሩታል እንጂ አያስተምሩትም። ሕፃንና ቦክሰርን ለብቻቸው አለመተው ነው።

ሙቀቱን መርሳት

ውሻ ሰውነቱን በዋናነት የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። የቦክሰር አፍንጫ አጭር ስለሆነ ይህ ሥራ ይከብደዋል። በቀትር ፀሐይ ማስሮጥ ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ መተው ሊገድለው ይችላል። ትንፋሹ ሲያንኮራፋ፣ ድዱ ሲቀላ ወይም ሲጠቁር፣ ሲንገዳገድ ካያችሁ ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ፣ እያራገባችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ፀጉሩ አጭርና ስስ በመሆኑ ብርድም አይችልም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ መንሸራሸር አለበት። «ግቢያችን ሰፊ ነው» ማለት መልስ አይሆንም፤ ብቻውን ግቢ ውስጥ የቆመ ቦክሰር አይሮጥም፣ በር በሩን ያያል።

የግዢውን ዋጋ ብቻ ማስላት

ቦክሰር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ዓመት ይኖራል። በዚህ ዕድሜ ውስጥ ካንሰር ከሌሎች ብዙ ዝርያዎች ይልቅ ያጠቃዋል፤ ቆዳው ላይ እብጠት ሲወጣ «ይጠፋል» ብሎ መተው አይገባም። የልብ ምትን የሚያዛባ የዘር በሽታም አለ፤ ጤነኛ የሚመስለው ውሻ ድንገት ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። አርቢውን የወላጆቹን የልብ ምርመራ ውጤት ጠይቁት፤ በተለይ የልብ ምታቸው ለ24 ሰዓት በመሣሪያ የተቀዳበትን። ጥያቄው ካናደደው ከእሱ አትግዙ። ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ደግሞ ነገ አይባልም። ጨጓራው ተጠማዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ማየት አለበት። ነጭ ቦክሰር ስትመርጡ መስማቱን አስመርምሩ፤ በነጮቹ ላይ ደንቆሮነት ይበዛል።

ለሃጩንና ማንኮራፋቱን የማይችል ሰው ቤት ውስጥ ካለ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሌላ ውሻ ካላችሁም ጾታቸው አንድ ባይሆን ይሻላል።

ቡችላ ለማሳደግ ጊዜ ከሌላችሁ፣ ጠባዩ የታወቀ ትልቅ ቦክሰር መቀበል ይቻላል። ብዙዎች ይህን አማራጭ አያስቡትም። ሄዳችሁ ስታዩት ግን ልጆቹንም ጭምር፣ ቤተሰቡን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ።