ሁሉ ነገር እያለ ውስጣችሁ ባዶ ሲሆንባችሁ ከየት ትጀምራላችሁ?

ዓመት ሙሉ ገንዘብ ያጠራቀምኩለት አንድ ላፕቶፕ ነበር። የገዛሁት ቀን ስክሪኑ ላይ ያለችውን ስስ ላስቲክ ደስታዋ እንዳያልቅብኝ ቀስ እያልኩ ነው የላጥኳት። ሁለት ሳምንት አልሞላኝም፣ ከኪቦርዱ ላይ ፍርፋሪ እያራገፍኩ በሱ በራሱ የሌላ ዕቃ ዋጋ አያለሁ። ላፕቶፑ ምንም አልሆነም እኮ፣ አሁንም ይሰራል።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ክርስቲያን ወዲያው ገንዘብ ርኩስ ነው ወደሚል ይሮጣል። ጳውሎስ ግን 1ኛ ጢሞቴዎስ 6 ላይ የክፋት ሁሉ ስር ያለው ገንዘብን መውደድን ነው እንጂ ገንዘቡን አይደለም። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ ነገ ሽጡ አልላችሁም፣ ለዛ የተጠራ ሰው ራሱ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ሰውነታችሁን እዩ። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ስር ሆኖ ነፍሴን ውሰዳት ሲል መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም፣ ተነስና ብላ ነው ያለው፣ በላ ጠጣ ተመልሶ ተኛ፣ ደሞ ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ኤልያስን ያናገረባት ያቺ ትንሽ የዝምታ ድምፅ የመጣችው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ ነው። እና ሶስት ሌሊት በቅጡ ሳትተኙ እግዚአብሔር ራቀኝ ካላችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ተኙ።

ከዛ ወረቀት አውጡና አሁን በጣም የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ። ከስሩ "ይሄን ባገኝ ምን አገኛለሁ ብዬ ነው?" ብላችሁ መልሱን ጻፉ፣ መልሱንም መልሳችሁ እንደዛው ጠይቁት፣ ሶስቴ። እኔ ላፕቶፕ ብዬ ጀምሬ ሶስተኛው መስመር ላይ "ሰው እንዲያከብረኝ" የሚል ጻፍኩ፣ ማንም ሳያየኝ አፈርኩ። ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ስለዛ ሆነ። ዮሐንስ 4 ላይ ያለችው ሳምራዊት ሴትም ለውሃ ብላ ነው የመጣችው፣ ጌታም ውሃ ስጪኝ ብሎ ነው የጀመራት፣ ከዛ ቀስ እያለ ወደ ህይወቷ ገባ፣ ስትሄድ እንስራዋን እንኳን እዛው ትታ ነው የሄደችው።

ቀጥሎ ያለውን ግን ልብ በሉልኝ፣ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ጋ ነው። ዘጸአት 16 ላይ ለእስራኤል በበረሃ ከሰማይ የወረደው ምግብ፣ መና፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጎሞር ነበር፣ ወደ 2 ሊትር ገደማ። ለነገ ብለው ያሳደሩት ሰዎች ጠዋት ሲያዩት ተልቶ ሸቷል፣ በስድስተኛው ቀን ለሰንበት እጥፍ የሰበሰቡት ብቻ ነው ሳይበላሽ ያደረው። እኛ ደሞ አንድ ቀን ሙሉ ስብከት ሰምተን ለወር የሚሆን ስንቅ ይዘን መውጣት እንፈልጋለን። ሞክሬዋለሁ፣ እሁድ እያለቀስኩ ወጥቼ ማክሰኞ ላይ አልቋል።

ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ። ጠዋት ስልክ ከመንካታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ትበቃለች፣ ከወንጌል ከ10 ቁጥር ያልበለጠ ሁለቴ አንብቡ፣ አንዱን ድምፅ አውጥታችሁ፣ ከዛ ልባችሁን የነካውን አንድ ቃል ይዛችሁ ዝም በሉ። ዝም ስትሉ የማይመጣ ሀሳብ የለም፣ ያልተከፈለ ሂሳብ፣ ያልተመለሰ ሜሴጅ፣ ምናምን፣ አትታገሉት፣ እሱኑ ራሱን ለእግዚአብሔር ንገሩት። ብቻ ትላንት የተሰማችሁን ደስታ ዛሬ አትፈልጉት፣ እሱ ያደረ መና ነው።

ማቴዎስ 6 ላይ ምጽዋትም ጸሎትም ጾምም በስውር ይሁን ተብሏል፣ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ለማንም ሳትናገሩ ለሰው አንድ ነገር ስጡ። ፎቶ የለም፣ ፖስት የለም። ለጓደኛ እንኳን አለመናገር እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ታዩታላችሁ።

ምንም የማይሰማችሁ ቀኖች ይመጣሉ፣ ሳምንታትም ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ብቻችሁን አትሁኑ፣ የንስሐ አባት ወይ በእምነት የበሰለ ሰው ጋ ሄዳችሁ በግልጽ ደርቄያለሁ በሉ። የራሳችሁ ቃል ካጣችሁ ደሞ መዝሙር 42ን ተዋሱ፣ በአንዳንዱ አቆጣጠር 41 ነው፣ ሰውዬው ነፍሱን ለምን ታዝኛለሽ ብሎ ይጠይቃታል፣ መልስ አላገኘም መሰለኝ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃታል።