የዶናልድ ውድስን ታሪክ ለሚኒ ሚዲያ ስናዘጋጅ

እዚህ ጎንደር የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብን ለዓመታት ሳግዝ፣ ተማሪዎቻችን የሰው ታሪክ ሲጽፉ ሳያውቁት ወደ ገድል አጻጻፍ እንደሚያዘነብሉ አስተውያለሁ፤ ባለታሪኩ ከተወለደ ጀምሮ እንከን አይገኝበትም። የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ የተቃወመውን ጋዜጠኛ ዶናልድ ውድስን ለማቅረብ የሚያስብ ክበብ ግን ከስሕተቱ ቢጀምር ይሻላል።

ውድስ እ.ኤ.አ. በ1933 በትራንስካይ የተወለደ ነጭ ሲሆን፣ በ1965 በኢስት ለንደን ከተማ የሚታተመው የዴይሊ ዲስፓች ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነ። አፓርታይድን በርእሰ አንቀጹ ይነቅፍ የነበረው ይኸው ሰው፣ ስቲቭ ቢኮ የሚመራውን የጥቁሮች ንቃተ ኅሊና ንቅናቄንም በዘረኝነት ይከስስ ነበር። ወጣቷ ሐኪም ማምፌላ ራምፌሌ ግን ቢኮን ሳያገኝ ስለ እርሱ መጻፉን ፊት ለፊት ተቃወመችው፤ ውድስም ሄዶ ቢኮን አነጋገረው፣ ሐሳቡን ለወጠ፣ ወዳጁም ሆነ። ከጽሑፋችሁ ሰፊውን ቦታ ለዚህ ስጡት። ሁለት ተማሪዎች እየተቀባበሉ ቢያነቡት ያምራል፤ ነገር ግን በሰዎቹ አፍ ያልተናገሩትን ቃል አታስገቡ፤ «እንዲህ ብላ ሞገተችው» ከማለት «ሞገተችው» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሷቸው፤ አድማጩ ያን ጊዜ ይቀርባቸዋል። ቢኮ የተያዘው ነሐሴ 12 ቀን 1969 ነው፤ በፖሊስ እጅ እንዳለ በደረሰበት የአንጎል ጉዳት የሞተው ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1970፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት ነው። የፍትሕና የፖሊስ ሚኒስትሩ ጂሚ ክሩገር ሞቱን ከረኀብ አድማ ጋር አያይዞ ሲያወራ፣ ውድስ እውነቱ እንዲጣራ በአደባባይ ጠየቀ። ጥቅምት 9 ቀን መንግሥት ለአምስት ዓመት አገደው፤ መጻፍ ተከለከለ፣ ከቤተሰቡ ውጪም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ማግኘት አይችልም ነበር። ይህን ክልከላ በዝርዝር አንብቡት፤ ለጋዜጠኛ ምን ማለት እንደሆነ አድማጩ ራሱ ይረዳዋል።

በዚያው ቀን «ዘ ወርልድ» የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ተዘግቶ ዋና አዘጋጁ ፐርሲ ቆቦዛ ታስሯል። ይህን ዐረፍተ ነገር እባካችሁ አትዝለሉት፤ የአንድ ነጭ ጋዜጠኛ ታሪክ የጥቁር ባልደረቦቹን መከራ ሲሸፍን ማየት ያሳዝነኛል።

ስለ ሽሽቱ አጭር ሁኑ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1970 የካቶሊክ ቄስ መስሎ ወደ ሌሶቶ ወጣ፤ ሚስቱ ዌንዲና አምስት ልጆቻቸውም ተከተሉት። «ካቶሊክ» የሚለውን ቃል ካልጨመራችሁ የጎንደር አድማጭ በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ጥምጥም ነው። በቀጣዩ የፈረንጆች ዓመት በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ስለ አገሩ መናገሩን ጠቅሳችሁ ታሪኩን ዝጉ።

ለማሰማት ጥቅምት 9ን ምረጡ፤ ክበቦች አዳዲስ አባላት መዝግበው ሥራ የሚጀምሩበት ሰሞን በመሆኑ፣ አዲሶቹ ጸሐፊዎች የእገዳውን ቀን በዕለቱ ያነቡታል።